ወንድሜ የፈለገው ውክልና

ወንድሜ በዓመት ሁለቴ ነበር የሚደውልልኝ፣ ለኢድ አልፈጥርና ለአረፋ። ያውም ሚስኮል ያደርግና መልሼ የምደውለው እኔ ነኝ። ደህንነታችንን ይጠይቃል፣ እማን ያገናኘኛል፣ በቃ። ስለዚህ አባታችን በሞተ በሁለተኛው ዓመት ላይ በየእሑዱ ጠዋት በራሱ ካርድ መደወል ሲጀምር፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ጠረጠረ።

የመጀመሪያው እሑድ ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቀኝ። የሁለቱን ስም እንኳ የሚያምታታ ሰው ታላቂቱ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ማወቅ ፈለገ። በሚቀጥለው ስለ ባሌ ሥራ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ግን፣ "እህቴ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች" አለኝ።

"ምን?"

"ውክልና። የቤቱን ካርታ ለማሳደስ ነው። ማዘጋጃ ቤት የወራሾች ሁሉ ፊርማ ካልመጣ አይሆንም ብለውኛል። እህትሽ ፈርማለች፣ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እዚያ ኖተሪ የሚሉት ፊርማ አረጋጋጭ ፊት ትፈርሚና ዋሽንግተን ወደ ኤምባሲው ትልኪዋለሽ፤ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ።"

"ለካርታው ብቻ የሚሆን ውክልና ነው?"

"ጠቅላላ ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛ እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው።"

ወንድሜ እኔን ላለማስቸገር ተጨንቆ አያውቅም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ "ጠቅላላ" የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

አባቴ ጥሎልን የሄደው ደሴ ያለውን ቤት ነው። ከፊት መንገዱን የያዙ ሱቆች አሉት፤ አባቴ በአንደኛው ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ከሱቆቹ ጀርባ ትልቁ ቤት አለ፣ ከግቢው ጥግ ደግሞ ሰርቪስ። ወራሾቹ እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ነን። ወንድሜ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ትልቁን ቤት ይዟል፤ ሱቆቹንም የሚያከራየው እሱ ነው። እህቴ ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ከእማ ጋር ሰርቪሱ ውስጥ ትኖራለች። አባታችን ከሞተ በኋላ ስለ ድርሻ ቃል የተነፈሰ ሰው አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ የአባቷን ቤት ድርሻ ከጠየቀች "ባሏ ልኳት ነው" ነው የሚባለው።

በዚያው ሳምንት ከእኛ ራቅ ብላ ሳክሲ ከተማ የምትኖር አንዲት የአገር ልጅ ደወለችልኝ። እናቷ ከደሴ መጥተው ኖሯል፤ ወንድሜ በእሳቸው እጅ ማር ልኮልኛል። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ከወንድሜ እጅ የመጣልኝ የመጀመሪያ ዕቃ ነበር። ከምንኖርበት ከካሮልተን ሳክሲ ድረስ ስነዳ፣ ስለ ማሩ ሳይሆን ስለ ምክንያቱ ነበር የማስበው።

እናትየው ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ የቤቱ ማቀዝቀዣ አልተመቻቸውም። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ወንድምሽ የተባረከ ሰው ነው" አሉኝ። "ፎቁ ሲያልቅ ደግሞ መጥተሽ ታይዋለሽ፣ ኢንሻአላህ።"

"የምን ፎቅ፣ እማማ?"

"እናንተ ግቢ የሚሠራው ነዋ። አሮጌው ሊፈርስ አይደል? ከአንድ ትልቅ ነጋዴ ጋር ተስማምተው…"

"እማዬ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ" አለች ልጃቸው። ሻዩ አልቀዘቀዘም፣ ገና ይተናል። እናትየው ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ስለ አውሮፕላኑ ምግብ ማውራት ጀመሩ።

ማሩን መኪናው ወንበር ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ለካርታ እድሳት ማር አይላክም እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት። ጓዳ አስቀምጬው ሳልከፍተው ሰነበትኩ፤ ልጆቼ ግን አግኝተው ከፈቱትና በዳቦ በሉት።

የምሠራው እዚያው ካሮልተን አንዲት ልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሱሪ እናሳጥራለን፣ ዚፕ እንቀይራለን፣ የሙሽራ ቀሚስ እናጠባለን። በዚያን ጊዜ ከሱቁ አጠገብ የባቡር ሐዲድ ይሠራ ስለነበር ቀኑን ሙሉ የመቆፈሪያው ድምፅ ከስፌት መኪናችን ጋር ይደባለቃል። የሱቁ ባለቤት ከሕንድ አገር፣ ከጉጃራት የመጣች ሂንዱ ሴት ናት። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ብዙ አታወራም። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ያው ስለሆነ በደንብ እንግባባለን።

የወንድሜን ነገር ነገርኳት። ከጨርቁ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ጠቅላላ ካለሽ አትፈርሚ" አለችኝ።

"ምናልባት እውነቱን ሊሆን ይችላል።"

"ማር ልኮልሻል፤ እውነቱን ቢሆን ማር አይልክም ነበር።"

ያን ቀን ስለ ራሷ ነገረችኝ። በእነሱ ሕግ፣ ከአያት ከቅድመ አያት በወረደ ንብረት ላይ ወንድ ልጅ ገና ከተወለደ ጀምሮ ባለድርሻ ነው፤ አባቱ እስኪሞት አይጠብቅም። ሴት ልጅ ግን ተድራ፣ ወርቋን አድርጋ ትሄዳለች፤ ድርሻሽን ወስደሻል ትባላለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሕጉ ተሻሻለና ሴቷም ልክ እንደ ወንድሟ፣ በመወለዷ ብቻ እኩል ባለድርሻ ሆነች።

"ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ ወንድሞቼ ደጎች ሆኑ" አለችኝ። እህት በወንድሟ እጅ ላይ ክር የምታስርበት በዓል አላቸው። "በየዓመቱ ክሩን በፖስታ ስልክላቸው 'ደረሰን' የሚለኝ አልነበረም። አሁን በየበዓሉ ሳሪ ይልኩልኛል። ታናሹ ደግሞ ሊጠይቀኝ ይመጣል አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ አልናፈቅኩትም፣ አሁን ናፈቅኩት።"

"በእኛ ሃይማኖት ለሴት ልጅ የወንዱ ግማሽ ነው የሚደርሳት" አልኳት።

ያኔ ቀና አለች። "እና ግማሹ የታለ?"



እህቴ ጋ ደወልኩ። "ፈርሚለት እትዬ፣ ምንም ችግር የለውም" አለችኝ፣ እንደተጠና ነገር። እህቴ እንዲህ አታወራም፤ አንድ ነገር ለመናገር ሦስት ቦታ የምትዞር ልጅ ናት። ከኋላዋ የሰው ሳል ሰማሁ። የማን ሳል እንደሆነ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለ እማ ጤና ጠይቄ ዘጋሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በማላውቀው የደሴ ቁጥር ተደወለልኝ። እህቴ ናት፣ በጎረቤት ስልክ።

"እትዬ፣ እውነት ፈርመሻል?"

"ኧረ አልፈረምኩም።"

"እሱ ፈርማ ልካለች፣ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ አለኝ።"

"ለእኔ ደግሞ አንቺ ፈርመሻል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ ብሎኛል።"

የጎረቤቷ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማኛል።

"ለካርታ ነው አለሽ?" አልኳት።

"ምን ካርታ? ለእኔ ያለኝ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወራሽነታችንን ለማስመዝገብ ነው። በስምምነት ከሆነ ቶሎ ያልቃል አለኝ።"

ለእኔ ካርታ፣ ለእህቴ ፍርድ ቤት፣ ለአገር ሰው ፎቅ። ምንም አትፈርሚ አልኳት። እሷም፣ "አንቺ ካልፈረምሽ እኔም አልፈርም፣ ግን እኔ የምኖረው እሱ ግቢ ውስጥ ነው" አለችኝ። "እሱ ግቢ" ማለቷ ነው ያናደደኝ።

ባሌ ፎርት ዎርዝ ካለ መጋዘን ጭነት ያመላልስ ነበር። አንድ ቅዳሜ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሻወር እንደገባ ስልኩ ጠራ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው፤ የወንድሜ ቁጥር ነው። ሳላነሳው ቀረሁና ባሌ ሲወጣ ጠየቅሁት።

"ወንድሜ ይደውልልሃል እንዴ?"

"ባለፈው ሳምንትም ኮል አድርጎኝ ነበር" አለ፣ ፀጉሩን እያደራረቀ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ማለቴ… ሰላም ሊለኝ መስሎኝ ነው። ስለ ቤቱ ምን ታስባለህ አለኝ። እኔን አያገባኝም አልኩት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን አለ? ሶ፣ ፈርሚለትና ተገላገይ። ደሴ ተመልሰን ሱቅ ልንከፍት ነው እንዴ?"

ይህን ባይል ይሻል ነበር። ወንዶቹ እርስ በርስ ተስማምተው ይሆን? የሆነ ነገር ቃል ገብቶለት ይሆን? ከዚያ ወዲህ ባሌ ስልክ ይዞ ወደ ፓርኪንጉ ሲወጣ በመስኮት አየዋለሁ። አንድ ቀን ረጅም ሰዓት አወራና ሲመለስ ማን ነበር አልኩት። ስለ መኪናው ጎማ ከሱቅ ጋር ሲከራከር ነበር፤ የደረሰኙን ቁጥር ሳይቀር አሳየኝ። እሱም አኮረፈኝ። ቤታችን ውስጥ ለሳምንታት ልጆቹ ብቻ ነበሩ የሚስቁት።

የማማክረው ሰው ሳጣ ሐጂ ጋ ሄድኩ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ከልጃቸው ጋር ካሮልተን ይኖራሉ፤ አገር ቤት እያሉ ስንት የተጣላ ቤተሰብ ያስታረቁ አዛውንት ናቸው። ሚስታቸውም አብረውን ተቀመጡ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ የሳሉን ነገር ሳይቀር።

"አባትሽ ማን ማንን ጥሎ ሞተ?" አሉኝ።

"እናቴን፣ አንድ ወንድ፣ ሁለት ሴት።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "እናትሽ ስምንተኛውን ትወስዳለች። የቀረው አራት ቦታ ይከፈላል፤ ሁለቱ ለወንድምሽ፣ አንድ አንድ ለእናንተ። ለሴት ልጅ ግማሽ የተባለው ሐቅ ነው ልጄ፣ አልሸሽግሽም። ግን ግማሽ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ወንዱ እጥፍ ሲወስድ ደግሞ ኃላፊነቱም አብሮ ይመጣል። እናትሽን ማነው የሚጦራት?"

"እኔ በየወሩ እልካለሁ።"

"እህትሽንስ?"

"የሰው ልብስ ታጥባለች። እኔም እደጉማታለሁ።"

ሐጂ ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ሌላም ልንገርሽ" አሉ ሐጂ። "በአገራችን ውርስ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚሄደው ሁሉም ወገን ሲስማማ ብቻ ነው። አንዱ አልስማማም ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል፤ እዚያ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ እኩል ናቸው። ወንድምሽ ፊርማሽን የፈለገው ለዚህ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሰውየውን አላውቀውም፣ በማላውቀው አልፈርድም።"

"አንቱ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ ሐጂ?"

"የሚበጅሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። የእኔ ልጆች ቢጠይቁኝ የአላህን ክፍፍል ያዙ እላለሁ። ግን ሙሉውን፤ የተመቸውን ቆርጦ የሚወስድ ካለ አይሆንም እላለሁ።"

በዚያው ሰሞን የሱቃችን ባለቤት ወንድም ከሕንድ መጣ። ፈገግታ የማይለየው፣ ሽቶ የሚሸት ሰው ነው። የስፌት መኪናዎቹን አንድ በአንድ አደነቀ፤ ለእኔ እንኳ ሻርፕ አምጥቶልኛል። የማላውቀው ሰው ሻርፕ ለምን ያመጣልኛል ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ እህቱ በቤተሰቡ መሬት ላይ ያላትን መብት ለወንድሞቿ ትታለች የሚል። ሴትየዋ ጨርቅ በምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በመነጽሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበችውና ፈረመች። ወንድምየው ሊስማት ጎንበስ ሲል እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። "አትፈርሚ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

"አዎ፣ ብዬሻለሁ።"

"ሕጉ እኩል አድርጎሻል እኮ።"

"አድርጎኛል። ድርሻዬን ብወስድ ግን ስሄድ ማን ቤት አርፋለሁ? እናቴ ሞታለች፣ አባቴ ሞቷል። አገር ቤት የሚባል ነገር የቀረኝ እነሱ ናቸው።" መርፌውንና ክሩን አቀበለችኝ፣ አስገባሁላት። "አታልሎኝ አይደለም። ምን እንደማደርግ አውቄ ነው የፈረምኩት። አንቺ ግን እናትሽ አለች፣ እህትሽ አለች። አንቺ ብትፈርሚ እነሱም አብረው ይወጣሉ።"

በሚቀጥለው እሑድ የወንድሜን ጥሪ ሳልጠብቅ ራሴ ደወልኩ። ባሌን አጠገቤ እንዲቀመጥ ነገርኩት፤ ተኮራርፈንም ቢሆን ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ውክልናውን አልልክም" አልኩት።

"የአላህን ሕግ ትተሽ መንግሥት ፍርድ ቤት ልታቆሚኝ ነዋ" አለኝ። "አሜሪካ ይህን ነው ያስተማረሽ?"

"አይደለም። ሸሪዓ ፍርድ ቤት እስማማለሁ። ስምምነቴን ዛሬ ብትል ዛሬ እልካለሁ። ግን ሁሉም እንደ ሸሪዓው ይሁን። የእማ ስምንተኛ በስሟ ይውጣ። የእህታችን በስሟ፣ የእኔም በስሜ ይውጣ። ቀሪው ላንተ ሐላል ነው።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለ። ድምፁ ተለውጧል። "ባልሽ ነው ይህን ያስጠናሽ፣ አይደል?"

"ባሌ ፈርሚለትና ተገላገይ ነው ያለኝ።"

"እሱማ እንደዚያ ይላል። ቤቱን ይመኝ እንደሆነ ሁለቴ ደውዬ ሞከርኩት፣ አያገባኝም ብሎ ሸወደኝ። እኔ አንቺን አልፈራም እህቴ። ድርሻው ካንቺ ጋ ቢቀር ግድ የለኝም። ነገ ግን ባል ነኝ ብሎ የማላውቀው ሰው መጥቶ አባቴ ግቢ ውስጥ 'ይህ የእኔ ነው' ይለኛል። የእህትሽ ባል ሲፋታት ምን እንዳደረገ ረሳሽው? አልጋዋን ሳይቀር ጭኖ ነው የሄደው።"

ባሌን አየሁት። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። መሬት መሬት ያያል። እኔ ለሳምንታት በመስኮት ስጠብቀው፣ ወንድሜም በስልክ ሲጠብቀው ኖሯል።

"ለዚህ ነው እኔን ለካርታ ብለህ፣ እሷን ለፍርድ ቤት ብለህ፣ እርስ በርስ ፈርማለች ያልከን?" አልኩት።

"ካርታውም እውነት ነው። ፍርድ ቤቱም እውነት ነው። ፎቅም ልሠራ ነበር፣ ነጋዴው ቤቱ በአንድ ሰው ስም ካልሆነ አልጀምርም ስላለኝ ነው። አልዋሸሁሽም።"

"ፈርማለች ያልከኝስ?"

ደህና ዋይ ሳይል ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አልደወለም። ኢድም አለፈ። ለዘመዶቹ ሁሉ አሜሪካ አበላሸቻት እያለ ማውራቱን ሰማሁ። እማ ራሷ ደውላ፣ "ወንድምሽን አሳዘንሽው፣ ምን ነበረበት ብትፈርሚለት" ብላኛለች። እማን አልተከራከርኳትም፤ አጠገቧ ማን እንዳለ አላውቅም ነበር። እህቴ ግን ቃሏን ጠበቀች። በሰርቪሱ በር ላይ ቆመው ወንድሜና ሚስቱ ሲያስጨንቋት፣ "እትዬ ስትፈርም እፈርማለሁ" ከማለት ሌላ አልተናገረችም። ነጋዴው መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ ቦታ ሄዶ ሠራ። ያኔ ነው ወንድሜ ራሱ ሽማግሌዎች ይዞ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሄደው። እኔም ስምምነቴን በኤምባሲው በኩል ላክሁ፤ ምን ላይ እንደምስማማ ቃል በቃል የተጻፈበትን እንጂ ጠቅላላውን አይደለም።

እማ በትልቁ ቤት ውስጥ ድርሻዋ በስሟ ሆነና ከሰርቪሱ ወጥታ ወደዚያ ተመለሰች። ለእህቴ የአባታችን የጨርቅ ሱቅ ደረሳት፣ ለእኔ አጠገቡ ያለው ትንሹ። ቀሪው የወንድሜ ሆነ። የእኔን ሱቅ እህቴ እንድታስተዳድር ለዚያ ብቻ የሚሆን ውክልና ሰጠኋት። ግድግዳውን አፍርሳ ሁለቱን አንድ አደረገችውና የሰው ልብስ ማጠቡን ተወች። ሐጂ ሲሰሙ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ግን ወንድሜን ሄጄ እንድጠይቀው አጥብቀው መከሩኝ።

ሄድኩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ላይ። ባሌ ሥራ ስለነበረበት ብቻዬን ነበርኩ። ወንድሜ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ሸብቷል። ሲያቅፈኝ በትከሻዬ ላይ ወደ አውቶቡሱ በር አሻግሮ ሲያይ ተሰማኝ።

"ባልሽ አልመጣም?"

"አልመጣም።"

"በሰላም ነው?"

"በሰላም ነው።"

ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። እማ ጋ ምሳ በላን፤ እህቴ ሱቋን ዘግታ መጣች፤ ወንድሜና እሷ ሲነጋገሩ አየሁ፣ ስለ ዝናብና ስለ ጣሪያው ብቻ ቢሆንም። ሚስቱ ሁለቴ ወጥ ጨመረችልኝ። ከምሳ በኋላ ወንድሜ እጁን እየታጠበ፣ "ስንት ቀን ትቆያለሽ?" አለኝ።

እንግዳ የመጣበት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ሌላ ነገር ፈልጎ እንደሆነ ፊቱን አየሁ፣ ከዚያ የእህቴን ፊት አየሁ፣ ከዚያ ነው "ሁለት ሳምንት" ያልኩት።